የደጋ አጋዘንን በዱካው ይወቁት

ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ከሄዱ ዲንሾ ላይ ቆም ይበሉ። ኒያላ የሚለውን ስም ከሲጋራ ፓኮ ብቻ ለምናውቅ (ያሳዝናል!) የስሙ ባለቤት እዚያ አለ። በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸውም እርሱው ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም።

ማልደው ይውጡ። ጭቃው ላይ ለሁለት የተከፈለ፣ ከላም ኮቴ ጠበብና ሾል ያለ ዱካ ይፈልጉ። ኩሱ እንደ ላም እበት የተዘረጋ ሳይሆን እንደ ፍየል በጠጥ ድብልብል ነው። ቁጥቋጦ ተሰባብሮ ካዩ ወንዱ በቀንዱ ታግሎት ይሆናል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ተጠማዞ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ድምፅ ከሰሙ እርስዎ ሳያዩት እርሱ አይቶዎታል።

የላም ኮቴ ከአጋዘኑ ዱካ በዝቶ ካገኙም አይደነቁ። በ1991 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ዛሬም ግጦሹን ከከብት ጋር ይሻማሉ፣ የመጥፋት አደጋም አለባቸው።

ግልገል ብቻውን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ቢያገኙ ተጥሏል ብለው አያንሡት። እናቱ ደብቃው ለግጦሽ ሄዳ ነው። የልጆችዎን እጅ ይያዙና ቀስ ብለው ይራቁ፤ ሰው አጠገቡ እያለ አትመጣም።