ሕመሙ ከእግር፣ መነሻው ከወገብ

አንድ ባልደረባችን የቤተ ሙከራ ዕቃ የሞላ ሣጥን ጎንበስ ብለው ሲያነሡ ወገባቸውን ያዛቸው። በማግስቱ ሕመሙ ከመቀመጫቸው ተነሥቶ በጭናቸው ኋላ እስከ እግር ጣታቸው ወረደ። «ብርድ ነው» ያላቸው ብዙ ነበር፤ እግራቸውንም በቅባት አሹላቸው። እግሩ ግን አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

ሳያቲክ የተባለው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው አከርካሪ በሚወጡ የነርቭ ሥሮች ተገምዶ በዳሌ አልፎ ወደ እግር ይወርዳል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። የዲስኩ ጠንካራ ቀለበት ሲሰነጠቅ ለስላሳው መካከለኛ ክፍል ወጥቶ የነርቩን ሥር ይጫነዋል፤ ያስቆጣዋልም። አንጎል ግን መልእክቱን ከእግር እንደመጣ አድርጎ ያነበዋል። ይህን የዲስክ ጉዳት ከሕመሙ ጋር አያይዘው እ.ኤ.አ. በ1934 በግልጽ ያስረዱት ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። በሰፊው «የዲስክ መንሸራተት» ይባላል፤ ዲስኩ ግን ከቦታው ስለማይንሸራተት አባባሉ አይዋጥልንም።

በእኛ ሙያ በኩል እንየው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 200 ኒውተን ያህል ይመዝናል። ከዲስኩ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀን ብናነሣው፣ ከዲስኩ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚርቀው የጀርባ ጡንቻ ሚዛኑን ለመጠበቅ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 1600 ኒውተን መሳብ አለበት። ዲስኩ የሁለቱን ድምር፣ 1800 ኒውተን ይሸከማል፤ የራሳችን ገላ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ጀሪካኑን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው ድምሩ ወደ 1000 ይወርዳል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ዕድሜና ውርስም ድርሻ አላቸው።

ሕክምናውስ? አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻለዋል፤ የወጣውን የዲስክ ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ የሚመጠው ጊዜ ብዙ ነው። አልጋ ላይ መዋል አይመከርም፤ በተቻለ መጠን መንቀሳቀስና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መመራት ይሻላል። መድኃኒት ሁሉ ግን አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ 209 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ፕሪጋባሊን መድኃኒትነት ከሌለው እንክብል እንደማይበልጥ አሳይቷል። ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ በ283 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ይጠቀሳል። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ተሻላቸው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ቡድን 95 በመቶ ያህሉ አገግመው ነበር። እንዲቆዩ ከተደረጉት 39 በመቶዎቹ ኋላ ላይ መቀደዳቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ባልደረባችን ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሽንታቸው ነበር። አፍረው ዝም አሉ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ ከመጣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሰዓታት ካለፉ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ይህ አልነበረባቸውም። በሦስተኛው ወር ያለ ቀዶ ሕክምና ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ ሣጥኑንም ዛሬ ለሁለት ከፍለው ነው የሚያነሡት።