የመወሰን መብትና የ1952ቱ ሕግ

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰን ሰው የራሱን ጉዳይ እንዳይወስን የሚያደርግበት ሥርዓት አለው። በፍርድ መከልከል ይባላል። ፍርድ ቤት የሰውየውን የአእምሮ ወይም የአካል ሁኔታ ተመልክቶ ክልከላውን ከወሰነ፣ ዕድሜው 40ም ይሁን 60 በሕግ ዓይን እንደ ልጅ ይታያል። እሱን ራሱን የሚጠብቅ አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድር ሞግዚት ይሾምለታል። ከዚያ በኋላ ኑዛዜ መናዘዝ አይችልም። ማግባት ቢፈልግ እንኳ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 15 መሠረት ፍርድ ቤት ሊፈቅድለት ይገባል።

ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የክልከላው ሐሳብም የፈረንሳይን የቆየ ሕግ የተከተለ ነው። ፈረንሳይ ራሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ክልከላን ሽራ በሌሎች የጥበቃ ዓይነቶች ተካችው። በአዲስ አበባ ሕጉ ከጸደቀ ገና 8 ዓመቱ ነበር።

አንቀጾቹን ቀረብ ብሎ ላነበበ የሚያስደነግጡ ነገሮች አሉ። አንቀጽ 351 ክልከላው ለሰውየው ጤንነትና ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹም ጥቅም ሲባል ሊወሰን እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ያለውን የገጠር ቀበሌ ይመለከታል። በዚያ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ የተነሣ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግደው ሰው፣ እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል፤ የሚፈጽማቸው ውሎችም ሊፈርሱ ይችላሉ። እንግዲህ ጓዳ ውስጥ የተዘጋበት ሰው፣ መዘጋቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል፤ በየገጠሩ በሰንሰለት ታስረው የኖሩ ስንት ወገኖች እንዳሉን እናውቃለንና።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀበለችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፣ መንግሥትም ይህን ችሎታ ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ እንዲያገኙ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ፣ በሰው ቦታ የሚወስን ሞግዚት ቀርቶ ሰውየው በድጋፍ ራሱ እንዲወስን ማድረግ ግዴታ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያን ሪፖርት ሲመረምርም ይህንኑ ጠየቀ።

ድጋፉ በተግባር ምን ይመስላል? አየርላንድ እስከ ቅርብ ጊዜ የምትሠራው እ.ኤ.አ. በ1871 በወጣ ሕግ ነበር። በ2015 አዲስ ሕግ አወጣች፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ግን በሚያዝያ 2023 ነው። በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው የሚያምነውን ረዳት በስምምነት ይመርጣል። ረዳቱ መረጃ ይሰበስባል፣ ያስረዳል፤ ወሳኙ ግን ሰውየው ነው። ከበድ ላለ ሁኔታ አብሮ የሚወስን ሰው አለ። ሁለቱም ካልበቁ ፍርድ ቤት ተወካይ ይሾማል። የሰው ውሳኔ ለሌላው ሞኝነት ስለመሰለ ብቻ ችሎታ እንደሌለው አይቆጠርም። ፔሩ በ2018፣ ኮሎምቢያ በ2019 ከዚህም ራቅ ብለው ሄደው በአካል ጉዳት ምክንያት መከልከልን ከሕጋቸው አውጥተዋል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ራሱን ስቶ ለተኛ ሰው ወይም ፈቃዱን በምንም መንገድ መግለጽ ለማይችል ማን ይፈርም? ረዳት ተብሎ የገባው ዘመድ ቤቱን በስሙ ቢያዞርስ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ኮሚቴው የሚመልሰው የሰውየውን የቀድሞ ፍላጎትና ዝንባሌ መርምሩ በማለት ነው፤ አየርላንድ ግን እንደዚህ ላለው ሁኔታ የፍርድ ቤት ተወካይን አስቀምጣለች። ለሁለተኛው ምዝገባ፣ ቁጥጥርና አቤቱታ የሚሰማ አካል ያስፈልጋል። ሆኖም በዛሬው ሞግዚትነት ውስጥም ብዝበዛ የለም ማለት አይቻልም፤ የተከለከለው ሰው ደግሞ ጠበቃ አቁሞ ለመክሰስ እንኳ እጁ አጭር ነው።

ደግሞስ ብቻውን የሚወስን ማን አለ? ቤት ስንሸጥ ዘመድ እናማክራለን፣ ትዳር ሲናወጥ ሽማግሌ እንጠራለን፣ ያልገባንን ውል ለሚያውቅ እናስነብባለን። ምክር ስለጠየቀ መብቱን የተነጠቀ የለም።

ጉዳዩ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ብቻ የሚነካም አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የተጻፈው ከማታለል ሊጠብቀው ነው። የተማረና ደመወዙን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ዓይነ ስውር ግን ለራሱ ውል እንደ ጥርጣሬ ምንጭ ይታያል፤ ሰነዱ በብሬል ወይም በድምፅ ቢቀርብለት ራሱ አውቆ ይፈርም ነበር።

ሕጉን ለማሻሻል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማፍረስ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። አንቀጽ 342ና የወራሾቹ ንዑስ አንቀጽ ነገ ቢሰረዙ ማንም አይጎዳም። ከዚያ የድጋፍ ስምምነት የሚመዘገብበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ ቀድሞ የተሰጡ የክልከላ ውሳኔዎችም እያንዳንዳቸው በዳኛ ፊት እንደገና ይታዩ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ እየተሰማ።