ዓባይን ወርዶ ዓባይን ወጥቶ፦ የደብረ ማርቆስና የጮቄ መንገድ

ጎጃምን በካርታ ላይ ላየው ሰው አገሩ በአንድ ወንዝ ክንድ የታቀፈ ይመስላል። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ይነሣና ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ምዕራቡን ይዞ ወደ ሱዳን ያቀናል። ከዚህ ዙሪያ ውስጥ የቀረው ደጋ ነው ጎጃም። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ መንገደኛ እንግዲህ ጎጃም መግባት ማለት ዓባይን መሻገር ነው። አውሮፕላን ይዞ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ጣናን ያያል፤ በበረሃው ወርዶ በበረሃው የወጣ ግን አገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባዋል። ደብረ ማርቆስን ማየት ለሚፈልግ ሁሉ በመኪና ሂድ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መርካቶ ውስጥ ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው ሰፈር ጎጃም በረንዳ መባሉ ያለ ነገር አይደለም፤ ከዚያ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው፣ ዘመዱንም የሚጠይቀው እዚያ ነበር። ዛሬ መነሻው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ መናኸሪያውም ሊቀየር ስለሚችል ከዋዜማው ጠይቆ ማደር ነው። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ገና ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ። ብዙዎቹ መድረሻቸው ባሕር ዳር ስለሆነ የማርቆስ ተሳፋሪ ከመንገድ ነው የሚወርደው። ሚኒባስ ፈጣን ነው፤ ቅጥቅጡ ደግሞ በየከተማው እየቆመ ያወርዳል፣ ይጭናል። እኔ ምርጫዬ ትልቁ አውቶቡስ ነው። ምክንያቴ ዓባይ በረሃ ነው፦ ከባድ መኪና የለመደ ሾፌር እዚያ ቁልቁለት ላይ አይቸኩልም። ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ይጠራል፤ «ደብረ» የሚለውን እንግዳና ጋዜጣ ካልሆነ ማንም አይጨምረውም።

ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ፍቼ። የሰላሌ ሜዳ ሰፊና ነፋሻ ነው፤ እንቅልፍ ያላለቀለት ተሳፋሪ ብዙውን ሳያየው ያልፋል። ፍቼ ከመድረስዎ በፊት በስተቀኝ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚገነጠለው መንገድ አለ፤ ጊዜ ያለው ሰው ለብቻው ቀን ሰጥቶ ቢሄድበት ገደሉንም ገዳሙንም ጭላዳውንም ያያል። ገብረ ጉራቻ ሲታለፍ ሜዳው ቀስ እያለ ያልቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ ምድሩ ይቆረጣል።

ጎሐ ጽዮን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ወንዙ ያለው ከ1,100 ሜትር በታች ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ጠመዝማዛ ውስጥ መኪናው ከ1,400 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ይህ ቁጥር ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ ካልቀመሱት አይታወቅም። ጆሮ ይደፈናል። ጎሐ ጽዮን ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሰው ከግማሹ በኋላ ጋቢውን ያጥፋል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ገብሱና ባሕር ዛፉ ከላይ ቀርተው ግራርና ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ከመስኮት የሚወረወር ነገር ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቁልቁለቱ ሲጀምር አማተቡና «ልጄ፣ መጋረጃውን ሳብልኝ፣ ገደሉን አላይም» አሉኝ። ሳብኩላቸው። ማዶ ደጀን ላይ ስንወጣ ራሳቸው ከፈቱትና «ይኸው አገሬ» አሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ሌላ ሰው ሆነ።

ጥሩ ሾፌር ይህን ቁልቁለት የሚወርደው በማርሽ ነው። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች ሲንቀራፈፉ ከኋላ የተሰለፈ ሰው መበሳጨት የለበትም፤ ዝግታቸው ሕይወት ነው። ሌላው ችግር ከመሬቱ ነው። የገደሉ ወገብ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ጎብጦ ወይም ሰምጦ የሚታይባቸው ቦታዎች የሥራ ጉድለት ብቻ ያመጣቸው አይደሉም፣ ተራራው ራሱ ከሥር እየሄደ ነው። የጃፓን መንግሥት መንገዱን በማደስ ለረጅም ጊዜ ያገዘ ሲሆን፣ የጃፓን መሐንዲሶችም ይህንኑ የመሬት መንሸራተት አጥንተዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ በጉም መካከል መውረድ አለ፤ ድንጋይ መንገድ ላይ መገኘቱም የተለመደ ነው። ሌሊት በዚያ መጓዝን ለማንም አልመክርም።

ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አሮጌው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። አዲሱ፣ በብረት ገመዶች የተወጠረውና 303 ሜትር የሚረዝመው፣ ሕዳሴ ድልድይ ይባላል፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። ጥበቃ ስላለው ካሜራ ከማውጣት መቆጠብ ይበጃል። መኪናው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልፈዋል።

ያቺን አንድ ደቂቃ አባቶቻችን በምን እንደከፈሏት ማሰብ አለብን። ድልድይ ሳይኖር ሲራራ ነጋዴው ዓባይን የሚሻገረው በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ በየመልካው ነበር። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላና ጎጃም ከደቡቡ አገር ይቆረጣል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ የነበረው የባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ የምንለው አካባቢ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታላላቆቹ ገበያዎች አንዱ የሆነው ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን የጊቤ አገሮች ንግድ ስለሚቀበል ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉትም ዞሮ ዞሮ ለዚያው ለዓባይ ማዶው አገርና ለንግዱ ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። በሞጣ በኩል ደግሞ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የፋሲል ዘመን የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ሰዉ ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ክፍተቱን ሲያልፍ ኖሯል። ጎጃምንና ጎንደርን፣ ገበያንና ለቅሶን፣ ሠርግንና ሐኪም ቤትን የሚያገናኝ መንገድ ገመድ ብቻ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱም ከስደት የተመለሱት በጎጃም በኩል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአርበኞችና ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ጦር በሌላ አቅጣጫ አዲስ አበባ ገባ። እርሳቸው ግን መዲናቸው የደረሱት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እኛ በግማሽ ቀን የምንጨርሰውን መንገድ ለመጓዝ አንድ ወር ገደማ ጠብቀዋል።

ሽቅቡን ጨርሶ ደጀን ሲወጣ ነፋሱ እንደገና ደገኛ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በስተቀኝ ያለው በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። የቅኔውና የመጻሕፍቱ አገር ያለው በዚያ በኩል ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ራቅ ብሎም የንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተገናኙባት ዲማ ይህችው ናት። የማርቆሱ ግን በግራ ነው። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ የትኖራና ሉማሜ የሚታለፉበት ይህ ሜዳ የማኛ ጤፍ አገር ነው። ጥቅምት ላይ ያየው ሰው የኑጉን ቢጫ አይረሳም።

ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር ነበረች። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መቀመጫቸው ይህችው ከተማ ሆነች። የዛሬ ስሟን የሰጣት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓሉ ሚያዝያ 30 ነው፤ ያን ቀን የሚደርስ ሰው ከተማዋን ነጭ ለብሳ ያገኛታል፣ ማደሪያ ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት። የንጉሡ ቤተ መንግሥትም እዚያው ከተማ ውስጥ አለ።

በከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ ቀላል ነው። ባጃጁ አለ፦ «ወዴት ነው ጋሼ?» ይላል ልጁ፤ መስመሩን ይዞ ከሌሎች ጋር ከሆነ በነፍስ ወከፍ፣ ለብቻ ከሆነ በኮንትራት ነው። ኮንትራት ከሆነ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይነገር። ቀደም ብሎ የከተማዋ ታክሲ የፈረስ ጋሪ ነበር፤ የኮቴውን ድምፅ ይዘን ያደግን ሰዎች ባጃጁን እስክንለምደው ጊዜ ወስዶብናል። ከዚህ ሁሉ የምመርጠው እግር ነው። ከተማዋ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጠዋቱ ይበርዳል፤ ከባድ ሹራብ ወይም ጋቢ ይያዝ። ከባሕር ዳር ለሚመጣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሁን ልቤ እያዘነ የምጽፈው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ይህ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሟል። በሽተኛ ይዞ የተነሣ መንገድ ላይ አድሯል፤ ተማሪ ቤተሰቡን ሳያይ ዓመት አሳልፏል። ለማንኛውም ተጓዥ የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ስንት ብር ነው ሳይሆን መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። መልሱም ከመኪና ተራ ሰዎችና እዚያው ከሚኖር ዘመድ፣ በዚያው በጉዞው ዋዜማ መገኘት አለበት። የሳምንት ወሬ አይሠራም። ክፍት ካልሆነ መቅረት ነው።

ክፍት በሆነ ጊዜ ግን ማርቆስ ላይ ብቻ አይመለሱ። በስተ ሰሜን ጮቄ አለ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጨሞጋን ጨምሮ ብዙ ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ዓባይ ይገባሉ። ከፍታው ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ለንጽጽር ያህል፣ በኔፓል ሂማላያ ተጓዦች የሚሰበሰቡባት ናምቼ ባዛር ከፍታዋ 3,440 ሜትር ነው፤ መኪና አይደርሳትም፣ ሰው ሉክላ በትንሽ አውሮፕላን ወርዶ በእግሩ ይወጣል፣ አየሩን ለመልመድም እዚያ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ብዙ ነው። የጮቄ አደጋ ተቃራኒው ነው፤ መኪና ስላለ ሰው በአንድ ጠዋት ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መፍትሔው መውረድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማርቆስ አድሮ፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ መውጣት ይሻላል።

መንገዱ በስናን ወረዳ ሮብ ገበያ ላይ ያልፋል፤ ከማርቆስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ስሙ ራሱ የጉዞ መርሐ ግብር ነው፦ ረቡዕ ገበያ ስለሚቆም መኪናው የሚበዛው ያን ቀን ነው። ድንች፣ ገብስና እንግዶ፣ ቀርቀሃ የተሸከመ ሰው፣ የተጫነ አህያ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አስታው እየሳሳ ጓሳና ጅብራ ይመጣል፤ ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሞ ሲታይ ከሩቅ የሰው ሰልፍ ይመስላል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 የጮቄን ኢኮ መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጧታል። ወደ ላይ በእግር ወይም በበቅሎ ነው፤ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ይገባል፣ ጉሙ ሲወርድ ዱካ ይጠፋልና። የገበሬውን ማሳ ከመርገጥ ዳር ዳሩን መዞር፣ ላገኙት ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ማለትም አይረሳ።

ለመመለስ ደግሞ ሰዓት ይጠበቅ። ገበያው ሲፈታ ሰውም ሸክሙም አንድ ላይ ስለሚንጋጋ ቦታ ይጠፋል። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ጋ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ሮብ ገበያ ለማደር ልቡን ያዘጋጅ፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ይጠይቅ።