ገንፎ የማይገነፋላት አራስ

መንዝ ውስጥ ሴት ስትወልድ ምን ትብላ ተብሎ ጉባኤ አይቀመጥም። የገብስ ገንፎ ይገነፋል፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፣ አጥሚት ይጣዳል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራስ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሰብርም፣ ደጅ ብርድ ላይ አትቆምም። ይህን ለማስከበር ሐኪምም አዋጅም አላስፈለገም፤ አማትም ባልም ያውቁታል።

በስምንተኛው ሳምንት ፅንሷ የተቋረጠ ሴትስ? በመድኃኒት ይቋረጥ በራሱ ጊዜ ይውረድ፣ ደም ይፈሳታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ወተት እንኳ ባይመጣ ጡቷ ይወጠራል። ገንፎ ግን የላትም። በማግሥቱ ጀሪካን ይዛ ምንጭ ትወርዳለች፤ ካልወረደች ምን ሆና ነው ይባላል። ስለዚህ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ «ምን ልብላ? ምን ልተው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ የምግቡ ነገር ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ሴቲቱ በምን ምክንያት ተኝታ በማን እጅ ትበላለች የሚለው ነው።

የፅንስ ማቋረጥ ሕጉ ከተለወጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በሩን ሰፋ አደረገው፤ ፅንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ከመጣ፣ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት፣ አለዚያም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ እናቲቱ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉዳት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ። ለተደፈረችው ቃሏ ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዝርዝር መመሪያውን በ1998 ዓ.ም. አወጣ። አገልግሎቱ በስፔሻሊስት እጅ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ ነርስና አዋላጅም በጤና ጣቢያ ደረጃ ይሰጡታል። ለውጡ በቁጥርም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሀገሪቱ ተቋረጡ ተብሎ ከተገመተው 382,500 ፅንስ በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተቋረጠው 27 በመቶው ነበር፤ በ2014 ከ620,300ው 53 በመቶው ሆነ። ግማሽ ያህሉ ያን ጊዜም ከተቋም ውጭ ነበር ማለት ነው፤ ያቺኛዋን ሴት ምን ብዪ ብሎ የሚመክራት የለም።

በመድኃኒት ሲሆን ሁለት ዓይነት ክኒን ይወሰዳል። ሚፌፕሪስቶን እርግዝናውን የሚያቆየውን ሆርሞን ያግዳል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል ማሕፀንን ያኮማትራል። ሚሶፕሮስቶል መጀመሪያ የተሠራው ለጨጓራ ቁስለት ነበር። የሚነካውም ማሕፀንን ብቻ አይደለም፤ አንጀትንም ያነቃቃል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጠነኛ ትኩሳት በመጀመሪያው ቀን የሚጠበቁ ናቸው። ለዚህ ነው በዚያ ቀን ቅቤና በርበሬ የተሞላ ገንፎ የማይመከረው። ቀጭን አጥሚት፣ በውሃ የተበጠበጠ በሶ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንች ይበቃል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ካስመለሳት ወይም ካስቀመጣት ፈሳሹ መተካት አለበት፤ ኦ አር ኤስ ከጤና ጣቢያም ከመድኃኒት ቤትም ይገኛል። ገንፎው ሆዷ ሲረጋ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቅቤውም ይግባ።

ስለ ብርዱ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውም በሽታን ሁሉ «ብርድ መታኝ» ብሎ መጀመር ለምዷል። ሚሶፕሮስቶል ያመጣው መንቀጥቀጥ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ክኒኑ ከተወሰደ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ፣ ነገሩ ኢንፌክሽን ነው። ባና ደርቦ፣ ነጭ ሽንኩርት በልቶ የሚያልፍ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ሞዴስ በሰዓት እየራሰ ሁለት ሰዓት ከዘለቀ፣ ዓይኗ ከጨለመባት ወይም ራሷን ከሳተች፣ በማስታገሻ የማይበርድ የሆድ ቁርጠት ከያዛት በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ነው። ምግብ እነዚህን አንዱንም አይመልስም። ደሙ በጥቂቱ መታየቱ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ወር ይቆያል፤ ያ አያስደነግጥም።

የሚቀረው የደም ነገር ነው። ሕክምናው «ይህን ብትበዪ መድኃኒቱ ይበላሻል» ብሎ ከመሶብ የሚያነሳው ምግብ የለም፤ ዋናው የጠፋውን ብረት መመለስ ነው። እዚህ ላይ ሀገራችን አንድ እንግዳ ታሪክ አላት። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሆነው ሲያጠኑ ኢትዮጵያውያን በቀን የሚበሉት ብረት ከሌላው ዓለም ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ምንጩ ጤፍ ነው፤ አብዛኛው ብረት ግን ከፍሬው ሳይሆን ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ በሬ ሲያበራየው የተቀላቀለ። የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት ውስጥ እምብዛም አይገባም። መንዝ ላይ ጤፍ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ የሀገሩ እህል ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር ነው። በእነዚህ ውስጥ ብረት አለ፣ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ፋይቴትም አለ። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቦካ የገብስ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች አብሮ ሲበላ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። የምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

የበግ ጉበት ካለ የሚወዳደረው የለም። የመንዝ በግ ስሙ የወጣ ነው፤ የሚታረደው ግን ለበዓል ወይም ለእንግዳ ነው፣ ባለቤቱ ይሸጠዋል እንጂ ለታመመች ሴት አያርድም። ይህን ቅሬታ እዚሁ ትቼ ልለፍ።

ቡናና ሻይ ግን ሊያልፉ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የሚገባውን ብረት 39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ተይ ማለቴ አይደለም፤ ከምሳው አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው ነው። የብረት ክኒን ከታዘዘላትም እንዲሁ፤ በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት አይዋጥ። ሰገራ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው።

ደም ማነሷ ሲለካ የሚነሳ የመሐል ሜዳ ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ3,000 ሜትር ላይ የሄሞግሎቢን መጠን ሲዳኝ 2 ግራም ገደማ ይቀንሱለት ይላል፤ ቆላ ላይ ደህና የሚባል ውጤት እዚህ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ካሉ ሰዎች ብዙም አልተለየም። እና ቁጥሩን ብቻ ይዞ መፍረድ ያስቸግራል። ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል ወይ? ስትነሳ ያዞራታል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መተው ያለበት ሌላ ነው፤ «ማሕፀን ያጠራል» ተብሎ የሚጠጣው። ኮሶ ለኮሶ ትል የተፈተነ መድኃኒት ነው፣ ሲበዛ ግን መርዝ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 አይተው ለዓለም አሳወቁ፤ ሴቶችም ፅንስ ለማስወረድ ይጠጡታል፣ ይታመማሉ፣ ይሞታሉም። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ቅጠል ጉዳት የለውም፣ ተቀቅሎ ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሕፀን የሚጠራው በራሱ ነው፤ ካልጠራ የሚያጠራው ባለሙያ ነው። አረቄም ይቅር፤ ከማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ይልጣል፣ ስካሩም የሚያሰጋውን ምልክት ይሸፍናል። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይበቃል፤ አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አይሆንም።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሳርፋለች፤ ያን ለማግኘት ግን መታመምን መናገር ያሻል። ዐቢይ ጾም ላይ ሆና ዝም ያለች ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፣ ከዚያም ሽሮ ትበላለች። ለንስሐ አባቷ ከተናገረች ደግሞ ቀኖናው ጾምና ስግደት ሊሆን ይችላል፣ ደሟ ሳይቆም። ስለ ኃጢአቱ የምለው የለኝም፤ ያ የእሷና የአባቷ ነው። ስለ ስግደቱ ግን አለኝ፤ ደም እስኪቆምና ጉልበት እስኪመለስ ይቆይልኝ ብላ ብትጠይቅ ነውር የለበትም፤ ጉዳዩን ሳትዘረዝር «ደም ይፈሰኛል» ማለትም ትችላለች።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከገጠር መጥታ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጅ ናት። ስንቋ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ ነው፤ ሁሉም ደረቅ። አብረዋት የሚያድሩት ጓደኞቿ ካላወቁ ማንም አያበስልላትም። ጤና ጣቢያው ክኒኑን ሲሰጥ «ምግብ በደንብ ብዪ» ብሎ ይሸኛታል፤ በምን ገንዘብ? ማን ሠርቶላት? ያ ምክር እንዲህ ቢባል ይጠቅማታል፤ በሶሽን በጥብጠሽ ጠጪ፣ ሽሮሽ ላይ ቃሪያና ቲማቲም ክተፊ፣ ድንች ከነልጣጩ ቀቅዪ፣ ምስር ካገኘሽ ሎሚ ጭመቂበት፣ የብረቱን ክኒን የታዘዘልሽን ቀን ሁሉ ጨርሺ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ጀሪካኑን ለጓደኛሽ ስጪ፣ ወር አበባዬ በዝቶብኝ ነው በያት።