ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ ጨጓራ ካንሰር መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1972 ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ማውጣታቸውን አስታወቁ። ውህዱ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ የሴልን መከፋፈል ያቆማል፤ ጤነኛውን ከበሽተኛው ስለማይለይ ግን በሰው ላይ ሲሞከር ጉዳቱ አይሎ ተተወ። በእኔ እምነት ዕፁ መነሻ ብቻ ነው፤ መድኃኒት የሚያደርገው የሞለኪውሉ ንድፍ ነው። ኬሚስቶች ሜይታንሲንን ለውጠው፣ ኸርቱ የተባለውን የሴል ፕሮቲን ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ።

ይኸው መድኃኒት በጨጓራ ካንሰር ላይ ሲሞከር ግን ከተለመደው ኬሞቴራፒ አልበለጠም። ይህ ንድፉን ከንቱ ያሰኛል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። በጨጓራ ዕጢ ውስጥ ኸርቱ የበዛባቸውና የሌላቸው ሴሎች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ከፀረ እንግዳ አካሉ ጋር የተያያዘው ሞለኪውል ደግሞ የሴልን ሽፋን አልፎ ጎረቤቱን በቀላሉ አይደርስበትም። በዚሁ ንድፍ የተሠራውና ሽፋን የሚሻገር ሌላ ሞለኪውል የተሸከመው ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለዚሁ ካንሰር ጸደቀ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምትኖሩ አንባቢዎች፦ ያልተነደፈው ውህድ መርዝ ነውና የማይለቅ የጨጓራ ሕመም፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲገጥማችሁ ቅጠል ሳትቀቅሉ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።