ድምፅ ሳያሰሙ በውሃ ውስጥ መጓዝ

ሞመንተምንና ኢነርጂን ስናስተምር ተማሪዎቻችን «ይሄ ቀመር ምን ይሠራልናል?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ እትም መልሱን ከባሕር ውስጥ እንፈልግ፤ ሰው ሳይዙ በባትሪ ብቻ ውቅያኖስን ከሚያጠኑ ሰርጓጅ መሣሪያዎች።

መሣሪያው ወደፊት የሚሄደው ፕሮፔለሩ ውሃን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ነው። መሣሪያው ከቆመበት ሲነሳ ሁለት ፕሮፔለሮችን እናወዳድር። ትንሹ በየሴኮንዱ 10 ኪሎ ግራም ውሃ በሴኮንድ 4 ሜትር ፍጥነት ይገፋል። ትልቁ ደግሞ 40 ኪሎ ግራም ውሃ በሴኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት ይገፋል። መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ስናባዛ የሁለቱም የመግፋት ኃይል እኩል 40 ኒውተን ነው። ኢነርጂውን ስናሰላ ግን ፍጥነቱ በራሱ ይባዛል፤ በመጠነ ቁሱም ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል። ስለዚህ ትንሹ በየሴኮንዱ 80 ጁል ሲፈጅ ትልቁ 20 ጁል ብቻ ይበቃዋል። ባትሪ የሚቆጥበው ብዙ ውሃ በዝግታ የሚገፋው ነው።

ድምፁስ? ውሃ የሚፈላው ስለሞቀ ብቻ አይደለም፤ ግፊት ሲቀንስም ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 100 ዲግሪ ሳይደርስ የሚፈላው ለዚህ ነው። ፕሮፔለር በጣም ሲፈጥን በምላሶቹ አንድ ጎን ግፊቱ እጅግ ይወርድና ቀዝቃዛው ውሃ የእንፋሎት አረፋ ያወጣል። አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲደርስ በኃይል ይጨፈለቃል። ይሄ ካቪቴሽን ይባላል፤ ይጮኻል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ ነባሪዎች የሚጠራሩት በድምፅ ነው። እነሱን ሊያዳምጥ የሄደ መሣሪያ ራሱ ከጮኸ ምን ይሰማል? ትልቁና ዝግተኛው ፕሮፔለር እዚህም ይበልጣል።

ጭራሽ ፕሮፔለር የማያስፈልገውም አለ። ግላይደር ይባላል። ጥቂት ውሃ ሲያስገባ ይሰምጣል፣ ሲያስወጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክንፎቹ ይህን ውጣ ውረድ ወደፊት ጉዞ ያደርጉታል። የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ «ስካርሌት ናይት» የተባለ ግላይደር እ.ኤ.አ. በ2009 ከኒው ጀርሲ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ በ221 ቀናት ስፔን አጠገብ ደርሷል። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ያነሰ ነበር።

ለተማሪዎች፦ ፕሮፔለሩ በየሴኮንዱ 20 ኪሎ ግራም ውሃ በሴኮንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢገፋ የመግፋት ኃይሉና ኢነርጂው ስንት ይሆናል? ሠርታችሁ ከላይ ካሉት ከሁለቱ ጋር አወዳድሩ።