የእሳት ሒሳብና የምድጃ ንግድ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የማገዶ ነገር ከንግድ ነገር ተለይቶ አያውቅም። በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል በነበረው ታላቅ ገበያ እህሉና ጨርቁ ሲሸጥ የማገዶ እንጨትም አብሮ ይሸጥ ነበር። በዙሪያው የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ተመናመነ፥ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃል። ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ማገዶ ሲጠፋ ገበያውም ከተማውም አብሮ የሚናወጥ መሆኑን የአራዳ ታሪክ ያስረዳል።

ታላቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ቢዛወርም፥ ፒያሳ የሱቅ ንግድ ሰፈር ሆና ቆይታለች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። በግቢው ማድ ቤት የነበረው ቤተሰብ ወደ ፎቅ ቤት ሲገባ፥ የከሰሉ ማንደጃ አብሮት የገባ እንደ ሆነ ከባድ አደጋ ይከተላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ያወጣልና፥ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞተዋል።

ይህን መርዝ ለመቀነስ እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ምድጃ ውስጥ አየር ይፈስሳል፥ ሙቀት ይተላለፋል፥ ንጥረ ነገሮችም ይዋሐዳሉ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ ስለ ሆነ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህም ሊቃውንቱ ሥራውን ለኮምፒዩተር ሰጥተውታል። ኮምፒዩተሩ የምድጃውን ውስጥ በሺህና በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ከከፋፈለ በኋላ፥ በእያንዳንዱ ክፍል የገባውን፥ የወጣውንና የቀረውን አየርና ሙቀት ያሰላል። አሠራሩ ከነጋዴው የሒሳብ መዝገብ የራቀ አይደለም፤ ገቢና ወጪ ካልተመዛዘነ ስሌቱ ስሕተት አለበት ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን እጅግ ሰፊ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ነበልባል ቀላል ቢመስልም፥ በአሜሪካ የተዘጋጀውና በሰፊው የሚሠራበት አንድ ሠንጠረዥ ለዚሁ ነበልባል 53 ንጥረ ነገሮችንና 325 የውህደት ደረጃዎችን ይዘረዝራል። እንጨት ሲሆን ደግሞ በመጀመሪያ ይደርቃል፥ ቀጥሎ ጋዝ ያወጣል፥ በመጨረሻም ከሰሉ ይነድዳልና ስሌቱ ይብስ ይከብዳል። ይህንንም ለማስላት የሚያገለግለው ኦፕንፎም የተባለው ፕሮግራም በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተጀምሮ፥ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ያለ ክፍያ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው ዋና ወጪ የሰለጠነ ሰውና ጠንካራ ኮምፒዩተር ነው።

በአገራችንም የተሻሻለ ምድጃ አዲስ ነገር አይደለም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ፥ እንዲሁም በቆርቆሮ ውስጥ ሸክላ የለበሰው ላቀች የተባለው የከሰል ማንደጃ፥ ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ የታወቁ ናቸው። ምርት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል፥ ላቀች ደግሞ ከተራው የብረት ማንደጃ የከሰሉን ሩብ ያህል እንደሚቆጥቡ ይነገራል። ከፒያሳ ሩቅ ባልሆነው በአምስት ኪሎ የሚገኙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ እንጨቱን አስቀድሞ ወደ ጋዝ ለውጦ የሚያነድድ የእንጀራ ምድጃ ሠርተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንድ ማንደጃ የአየር ቀዳዳ ጥቂት ቢጠብ፥ የሸክላው ውፍረት ለወጪ ቅነሳ ሲባል ቢሳሳ፥ ዕቃው ከውጭ ሲታይ ያው ይመስላል፤ እሳቱ ግን ይለወጣል። የኮምፒዩተሩ ስሌት አየር የሚያንስበትን ስፍራና መርዙ የሚበዛበትን ጥግ አስቀድሞ ስለሚያመለክት፥ አምራቹ መቶ ቅርጽ አበላሽቶ ከመማር ይድናል። ይሁን እንጂ ስሌት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው ውኃ አፍልቶ፥ እንጀራ ጋግሮ፥ ማገዶውን መዝኖና ጭሱን ለክቶ ነው።

ስለዚህ ምድጃ አስመጪው ወይም ባለሱቁ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፥ ምን ያህል ማገዶ እንደሚቆጥብ በሚዛን የተፈተነ መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተለካ መሆኑን፤ ሦስተኛ፥ የሚረከበው ዕቃ ከተፈተነው ናሙና ጋር በመጠንና በውፍረት አንድ መሆኑን። ለገዢውም ማንኛውም ከሰል የሚያነድድ ዕቃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይገባ መንገር የሻጩ ግዴታ መሆን ይገባዋል። ርካሽ ማንደጃ ሸጦ የሚገኘው ትርፍ የአንድ ቀን ነው፤ ደንበኛው በሕይወትና በጤና ተመልሶ ሲመጣ የሚገኘው ትርፍ ግን የዘመን ነው።